የጀሊል እጅ

«ቀኙንም አውልቁት! አንድ ላይ እንገላገል!» አለ ሻፊ ከግቢ።

ዙሀይራ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ጆሮዋን አቆመች። ከጎኗ የተደረደሩት ሴቶች ስለ ሞት ድንገተኛነት የጀመሩትን ወሬ ቀጥለዋል፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልሰማችም። ክሪክ ሲንቋቋ፣ ብሎን ሲፈታ፣ ከዚያ የቀኙ የኋላ ጎማ ወጥቶ መሬት ላይ ዱብ ሲል ሰማች። የግራውን እሁድ ከሰዓት ያወለቀው ባሏ ጀሊል ነበር።

«ሁለቱ አንድ ላይ አይፈቱም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ አዴ ጁሀራ። አዴ ጁሀራ የሠፈሩ ትልቅ ሴት ናቸው። በዚህ የሮቤ ጥግ እሳቸው ያላጠቡት የሴት ሬሳ፣ እሳቸው ያልዳሩት ሙሽራ የለም ይባላል፤ ራሳቸውም ይህንኑ ይላሉ።

«ምንም፣ አዴ።»

«ሰብር አድርጊ። ሐዘን ያስቀባጥራል» ብለው ጉልበቷን ቸብ ቸብ አደረጉላት።

ጀሊል የሞተው ትናንት ሰኞ ንጋት ላይ ነው። ለሱብሒ ሊታጠብ ወጥቶ «ደረቴን ከበደኝ» እያለ ተመለሰ፤ በጎረቤት መኪና ወደ ጎባ ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተቀበረ፤ ድንኳኑም በር ላይ ተተከለ። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም ነበርና፣ ሐዘንተኛ ሆነው የሚቀመጡት እሷና ታናሽ ወንድሙ ሻፊ ብቻ ሆኑ።

እናቱ አዴ ዳቢሴ ግን ቀብር አልደረሱም። ያሉት አንገቱ በምትባለው ከተማ ነው፣ የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ የሐረናን ጫካ ቁልቁል ወርዶ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካላቸው ቆይቷል፤ አይሱዙ ላይ መውጣት አይችሉም፤ የሕዝብ መኪናው ደግሞ ሞልቶ ነው የሚመጣው። በስልክ «በልጄ መኪና አምጡኝ፤ በሌላ አልንቀሳቀስም» ብለው ዘጉት። ሻፊም ዛሬውኑ፣ ከዙህር በኋላ፣ በጀሊል ፒካፕ ሄዶ እዚያ አድሮ ነገ ሊያመጣቸው ወሰነ። ችግሩ ፒካፗ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ መቆሟ ነው። ጀሊል የኋላ ፍሬኗን ሊቀይር ጀምሮ ነበር፤ ከሻሸመኔ ያስመጣው አዲስ የፍሬን ሸራ ገና ከካርቶኑ አልወጣም።

ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ዘጠኝ ሾፌር ተቀምጧል። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሾፌር ያሳዝናል። እጁን የሚያኖርበት ያጣል። ካርታ ነውር ነው፤ ስለ ነዳጅ ወረፋ ማውራትም ቢበዛ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ «የጀሊልን ፍሬን እኛ እንጨርስለት» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ዘጠኙም አንድ ላይ ተነሡ። ጽድቅ ነው፤ ከመቀመጥም ያድናል። እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ሰው ሁለት ጎማ ላይ ሰፈረ፤ አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ በቤንዚን ያጥባል፣ የሁለቱንም ጎን ብሎንና ሞላ በአንድ ሳፋ ይጨምራሉ።

«እንዲያው የጀሊል እጅ!» አለች ሙሉካ ውስጥ ሆና። ሙሉካ የሻፊ ሚስት ናት። «እሱ የነካው ፍሬን እኮ ዓመት አይነካም። ሻፊ ሁልጊዜ ነው የሚለው።»

«እጁ የተባረከ ነበር» አሉ አዴ ጁሀራ። «ረቢ ጀነት ያግባው።»

ሴቶቹ አሚን አሉ። ዙሀይራም አሚን አለች።

ጀሊል ጋራዥ አልነበረውም። ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ አንገቱ፣ ሰውና ቡና የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ፍሬኑን ግን ሰው አስነክቶ አያውቅም። «የጋራዡ ልጅ ሐረናን ከኔ ጋር አይወርድም» ይላል። ግቢው ውስጥ ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል። ፍሬኑ የሚይዝ ሆኖ ሲገኝ ጓደኞቹም አንድ በአንድ መኪናቸውን ያመጡ ጀመር። ጠዋት ያመጣሉ፣ ከሰዓት ይወስዳሉ። ሲሠራ በሩን ይዘጋል፤ ማንም እንዲያየው አይፈልግም። ሰዎች የባለሙያ አመል ነው ብለው ተውት።

በሩን የዘጋበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ያንን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ከትናንት ወዲህ አንድ ቀርታለች።

አራት ዓመት ይሆነዋል። ፀሐያማ ቅዳሜ ነበር፤ እሷ ልብስ ታጥባለች፣ እሱ የተፈታ ፍሬን ፊት ቁጢጥ ብሏል። የሚለጠጠውን የሽቦ ሞላ በፒንሳ ስቦ ወደ ቀዳዳው ሊያስገባ ሲል አመለጠው። ደገመ፣ አመለጠው። በአራተኛው ፒንሳውን ግድግዳው ላይ ወረወረው። ቀና ብላ ስታይ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ደብቋል። ጭኑ ሥር ሆኖም ይንቀጠቀጣል።

«በርዶኝ ነው» አላት።

ሮቤ ብርድ ጠፍቶባት አያውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ልብሱ በግማሽ ሰዓት የሚደርቅበት ፀሐይ ነበር። ዙሀይራ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ፒንሳውን አነሣች። «የቱ ጋ ነው የሚገባው?» አለችው። በአገጩ አሳያት። የእጇ አንጓ ለፒንሳው አልበረታ ሲላት፣ ሞላው ጫፍ ላይ ሲባጎ አሥራ በሁለት እጇ ሳበችው። ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እንዲህ ሆነ፤ እሷ ጎማው ሥር ትተኛለች፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል። «ርገጥ» ትለዋለች። «ያዝ። ልቀቅ።» ስትታዘዘው የኖረች ሴት ስታዘው በመጀመሪያው ቀን ሳቅ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። ሲጨርሱ እሷ እጇን በአመድና በሳሙና ልትፈትግ ትገባለች። እሱ ከአሮጌው ቅባት ዘግኖ እስከ ክርኑ ይቀባና በሩን ከፍቶ ባለመኪናውን ይቀበላል። መሪ ሲጨብጥ እጁ ይረጋል፤ ስለዚህ መንዳቱን አልተወም። ሐኪም ቤት ሂድ ስትለው «ነገ» ይላል። ዝም አይነቅዝም ብላ እሷም ዝም አለች።

«ኧረ ይሄ ነገር ወደ ኋላ ነው የሚዞረው!» አለ አንድ ድምፅ ከግቢ። ማሜ ነው፣ በጎባ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው።

«የቱ?»

«ሸራውን የሚወጥረው ጥርሳም ብሎን። ቀኙ ላይ ገጠምኩት፤ ሳጠብቀው ይላላል።»

«ዝገት ነው፤ ገልብጠህ አዙረው። ሁለቱም መንታ አይደሉም እንዴ?»

ዙሀይራ ፍራሹን ጨበጠች። መንታ አይደሉም። ሲታዩ ነው መንታ የሚመስሉት፤ ጥርሳቸው በተቃራኒ ነው የተቀረጸው፣ የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ። በየቦታቸው ከገቡ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሸራውን ከጎማው ጋር ወደሚዞረው ታምቡር ጠጋ ያደርጉታል። ከተለዋወጡ በተረገጠ ቁጥር ያርቁታል። ይህንን ያወቀችው ራሷ ተሳስታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ቶሎ ልጨርስ ብላ ሁለቱንም ጎማ ፈትታ ለዋውጣ ገጠመችው። በማግሥቱ ጀሊል እንግዳ ጭኖ ሶፍ ዑመር ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወርዶበት፣ በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ ገደሉ አፍ ላይ ነው ያቆማት። አልተቆጣትም። «ከእንግዲህ አንዱን ፈትተሽ ሳትገጥሚ ሌላውን አትንኪ። የተዘጋው ለተፈታው አስተማሪ ነው» ብቻ አላት። ይህንኑ ንግግር ኋላ ለሾፌሮቹ እንደ ራሱ ጥበብ ይነግራቸው ነበር፤ ሰሙት እንጂ አልያዙትም።

«ሙሉካ» አለች ዙሀይራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ውጪና ለሻፊ ንገሪው። የግራና የቀኙ ብሎን ይለያያል፤ ተለዋውጧል በይው። ጀሊል ነበር የሚለው በይው።»

ሙሉካ ወጥታ፣ ጎማዎቹ ገብተው ካበቁ በኋላ ተመለሰች። «ነገርኳቸው። ማሜ አሥር ዓመት ነድቻለሁ አለ። ሻፊም ሞክረነዋል፣ እንደ ድንጋይ ነው የቆመው፣ አንቺ ዱዓሽን አድርጊ አለ።»

እውነትም ሞክረውት ነበር። ፒካፗ ተነሥታ ከበር ወጣች፣ እስከ አስፋልቱ ደርሳ ተመለሰች። ፍሬኑ ሲይዝ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት አደነቁ። ዙሀይራ በልቧ መንገዱን ቆጠረች። ሮቤ ላይ ምንም አይታወቅም። ጎባም አይታወቅም። ሳነቴ ሜዳ ነው፤ የሚረገጥበት ምክንያት ጥቂት ነው። ሪራ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ሻፊ ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ከረገጠ በኋላ፣ በዚያ ጭጋግ ውስጥ እግሩ ወለል ይነካል።

የዙህር አዛን ተሰማ። ሴቶቹ ተነሥተው ሰገዱ። ዙሀይራም ሰገደች፤ ስንት ረከዓ እንደሰገደች ግን ጠፋት። ሰላቷን በሰላምታ እንደጨረሰች የፒካፗን ሞተር ሰማች።

ብትወጣ ምን ትላለች? አይቻለሁ ብትል አያምኗትም፤ ማየትማ ማሜም አይቷል። ማመን የሚገባቸው እጇን ነው። እጇን ካሳየች ደግሞ የጀሊል እጅ ይጋለጣል። ያ ሰው እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ አራት ዓመት የጠበቀውን ስም፣ እሷ አፈሩ ሳይደርቅ በድንኳን ሙሉ ወንድ ፊት ልትገልጠው ነው። ፈራች። ከመኪናው ይልቅ ይህኛው አስፈራት።

ነጠላዋን ተከናንባ ተነሣች።

«ወዴት?» አሉ አዴ ጁሀራ። «ዒዳ ላይ ነሽ እኮ፤ ባሏ የሞተባት ከቤት አትወጣም። አራት ወር ከአስር ቀን!»

«ግቢው ቤቴ ነው አይደል፣ አዴ?»

«ግቢውማ ቤትሽ ነው። ወንዶቹ ናቸው እንጂ…»

መልሱን ሳትሰማ ወጣች። ሾፌሮቹ ሲያዩዋት የተቀመጠው ተነሣ፣ የቆመው ወደ ኋላ አለ። ሻፊ መሪ ይዟል፣ ማሜ ከጎኑ ነው። ዙሀይራ ሄዳ በፒካፗ አፍንጫ ፊት ቆመች።

«ሞተሩን አጥፋ፣ ሻፊ።»

«ዙሀይራ፣ ማሎ፣ እባክሽ ወደ ቤት ግቢ። ሰዓት እየሄደብን ነው። እናቴ እየጠበቀች ነው።»

«ብሎኖቹ ተለዋውጠዋል። ሪራ ላይ ይጥላችኋል።»

«ሲሠራ አይተሽው ይሆናል። ማየት ሌላ፣ እጅ ሌላ። የወንድሜ እጅ አፈር ገባ፤ እኛ የቻልነውን ሠርተናል» አለ ሻፊ። ድምፁ ተሰነጠቀ። እሱም እኮ ሐዘንተኛ ነው።

«የወንድምህ እጅ በአራት ዓመት አንድ ሞላ አላስገባም» አለች ዙሀይራ። «ይንቀጠቀጥበት ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ። የዚህን መኪና፣ የማሜን፣ የሁላችሁንም። እሱ ፔዳል ነው የረገጠው።»

አንዱ ሾፌር መሬት መሬት አየ። ሻፊ ከመኪናው ወረደና ተጠጋት፤ አልጮኸም፣ ባይጮህም ግን ከጩኸት የባሰ ነበር። «በሁለተኛ ቀኑ? በሁለተኛ ቀኑ ወንድሜን እንዲህ ታደርጊዋለሽ?»

ከድንኳኑ አፍ ጋሽ ጎሹ ተነሡ። የሮቤ ሾፌሮች ሁሉ ትልቅ ናቸው፤ ለጀሊልም የመጀመሪያውን መሪ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ክርስቲያን ስለሆኑ ሌሎቹ ሲሰግዱ ብቻቸውን ቀርተው ነበር።

«አንዴ ከኔ ታምቡር ውስጥ የሲባጎ ቁራጭ ወጥቶ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጀሊልን ይሄ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ፒንሳ ለሚችል እጅ ሲባጎ ምን ያደርግለታል? ክሪኩን አምጡ።»

«ጋሽ ጎሹ…» አለ ሻፊ።

«ክሪኩን አምጡ አልኩ። ተሳስታ ከሆነ አንድ ሰዓት ነው የሚባክነው።»

ክሪኩ መጣ። ዙሀይራ እጅጌዋን ሰብስባ ቁጭ አለች። በቀኙ ጀመረች፤ ጎማውን አስወለቀች፣ ታምቡሩን በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ ቀስ እያለች መታችና ሳበችው። ከጣራው ማዕዘን ካለው ቆርቆሮ ሲባጎ እንዲያመጡላት አዘዘች። ሞላውን በሲባጎ ስባ ፈታች። ብሎኑን አውጥታ ለማሜ ሰጠችው። «አዙረው» አለችው። ማሜ አዞረው፤ ጥርሱ በተቃራኒ መሆኑን አይቶ አንገቱን ደፋ። የግራውን ፈትታ ቀኙ ላይ ገጠመች፣ የቀኙን ግራ ላይ። ሞላዎቹ አንድ በአንድ ቀጭ እያሉ ቦታቸውን ያዙ። ዘጠኝ ሾፌር ከብቧት ያያል። ከፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየሩን ለማስወጣት ፔዳል የሚረግጥ ሲያስፈልግ ጋሽ ጎሹ ራሳቸው ገቡ። «ይርገጡ፣ ጋሽ ጎሹ» አለች። «ይያዙ። ይልቀቁ።» እያለች እንባዋ አልመጣም፤ ከትናንት ጀምሮ አልመጣም ነበር።

ሻፊ ሲጨርሱ መሪውን ያዘና ሳይሰናበታት ሄደ።

ቤት ስትገባ ወሬው ቀድሟት ነበር። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፤ ከሚገባው በላይ ለቀቁላት። የሆነች ሴት ከጥግ «ሙት ወቃሽ ድንጋይ ነካሽ» ስትል ሰማች። አዴ ጁሀራም ፊታቸውን አዙረው ከፔርሙሱ ሻይ ይቀዱ ጀመር፤ ለእሷ በመጨረሻ ቀዱላት። ሙሉካ ብቻ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጋግማ ታየው ነበር። ባሏ መንገድ ላይ ነው። ዙሀይራ እጇን ደጋግማ ፈተገች፤ ለከሰዓቱ የአስር ሰላት ቆዳዋ ጠራ፣ የጥፍሯ ሥር ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ረቡዕ ከሰዓት ፒካፗ ተመለሰች። ጥሩምባ አልነፋችም፤ ዙሀይራ ግን ከሞተሩ አወቀቻት። አዴ ዳቢሴን ሻፊና ማሜ በግራና በቀኝ ደግፈው አስገቧቸው። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ፤ አሮጊቷ አልቅሰው ሲያበቁ ፍራሹ ላይ፣ ዙሀይራ አጠገብ አስቀመጧቸው። ሻፊ ወዲያው አልወጣም። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ሪራ ቁልቁለት ላይ ከብት ገባብን» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያስታውቅ። «ረገጥኩት። ቆመች።»

ወጣ።

አዴ ዳቢሴ ግን መንገድ ላይ ሁሉን ሰምተው ነበር የመጡት። ሴቶቹን አንድ በአንድ አይተው፣ ልጃቸውን ያጡ እናት በሚናገሩበት በዚያ ደረቅ ድምፅ ተናገሩ።

«አባቱም እንዲሁ ነበር። አርባ አምስት ሲሞላው እጁ ከዳው። የሸሚዙን ቁልፍ አሥራ አንድ ዓመት የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። በገበያ ቀን በሬውን ሲሸጥ ገመዱን እኔ ቋጥሬ ነበር የምሰጠው፤ ሰው እሱ የቋጠረው ይመስለዋል። ልጄ እንደወረሰው አላውቅም ነበር። አልነገረኝም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለካ የምትቆልፍለት ነበረችው። አልሐምዱሊላህ።»

አዴ ጁሀራ የያዙትን ስኒ አስቀመጡ።

አዴ ዳቢሴ ዞረው የዙሀይራን ቀኝ እጅ አነሡና ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። ጥፍሮቿን አዩ። ከሻሻቸው ላይ ስፒል ነቀሉና አውራ ጣቷን ይዘው፣ ከጥፍሯ ሥር ጥቁሩን ቅባት ቀስ እያሉ ማውጣት ጀመሩ። ያወጡትን በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ወደሚቀጥለው ጣት ያልፋሉ። ሦስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ዙሀይራ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ከሰኞ ጀምሮ የቆየውን ሁሉ። አሮጊቷ ቀና ብለው አላዩዋትም፤ ትንሿን ጣት እስኪጨርሱ ሥራቸውን አላቋረጡም።

«ሌላውን አምጪ» አሏት።